የተለጣፊዋ ቦታ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
መምህር ይበልጣል ስኩተር እየገፋ ከጋራዤ ገባ።
ቀይ ነበረች ድሮ።
አሁን ጎንና ጎኗን ፀሐይ መጥጦት ኖሮ፣
ስጥ ላይ ተረስቶ እንደ ነጣ በርበሬ
ትመስላለች ዛሬ።
ጣቴን ባሳርፍባት ኖራ ይዞ ተነሣ።

«ለቅዳሜ ገበያ አድርሰህ አሳምራት፤
ገዢ አይቶ ይጨክን» አለኝ፣ «ልሸጣት።»

የፊት ሽፋኗ ላይ፣ ከመብራቷ በታች፣
አንዲት ክብ ወረቀት ተለጥፋ አለች፤
የክትባት ዘመቻ። ፊደሉ ተልጦ፣
የሕፃን አፍ ብቻ ቀርቷል ተገልጦ፣
ያችን ሁለት ጠብታ እስካሁን ቋምጦ።

እማዋይሽ ነበረች የምትነዳት፣ ነርሷ፣ ሚስቱ፣
የክትባት ሳጥን ከኋላዋ አስራ፣ ገና በጠዋቱ።
ሦስት ክረምት ሆናት።
እኔ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝ፤
የተሰጠኝ ሥራ ፕላስቲክ ነው እንጂ፣ ሌላ ምን አገባኝ።

አለቃዬ ጤናው፣ ነፍሱን ይማርና፣
የሚያውቀው ብልሃት ኑግ ዘይት ነበርና፣
«በጨርቅ ነክረህ እሸው፤ ያበራል ሦስት ቀን።
ገዢው ቤቱ ሲደርስ፣ ያኔ ይፍረድብን» ይል ነበር።
እኔም አንዴ ሠራሁት። ገዢው ከጅጋ ማዶ
በሳምንቱ መጣ፣ ዘይቱ ላይ አቧራ ተጋግሮ፣ ፊቱ እሳት ነዶ።
ከሰው ፊት ሰደበኝ። ያች ስድብ አልሄደች፤
ከመፍቻዎቹ ጋር፣ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅላ አለች።

ስለዚህ ፈታኋት። ብሎኗን አንድ ባንድ በቲማቲም ጣሳ፤
ክሊፑ እንዳይሰበር በጥፍሬ ጫፍ ብቻ፣
ትንፋሼን ዋጥ አርጌ፣ ሳነሣው ሳነሣ።
በኦሞ አጠብኳት። ከስንጥቋ ወጣች የማንኩሳ ጭቃ፣
ሦስት ክረምት ሙሉ ከብሎን ሥር ደርቃ።

የፀጉር ቤቷ አንጓች ማድረቂያዋን አዋሰችኝ፤
«አደራ፣ እንዳታቃጥልብኝ፣ ነገ ሙሽራ አለብኝ» አለችኝ።
ሙጫው ሲሞቅ ላላ፤ ወረቀቷ ለቀቀች፣ አፏን እንደከፈተች።
ከሥሯ
ክብ ቀይ።
የገዟት ዕለት የነበረው፣ ፀሐይ ያላየው፣
ዓይን የሚይዝ ቀይ፣ ምንም ያልደረሰው።

ረቡዕ ዕለት መጣ፣ ሥራዬን ሊያይ፤
መዳፉን ጫነባት፣ በዚያች ክብ ቀይ ላይ።
ልክ ሆነችው።
«ቀጥል» አለኝና የጣቱን ኖራ ሱሪው ላይ ጠርጎ ወጣ።

ብርጭቆ ወረቀት፣ በውኃ የራሰ፣
መጀመሪያ ሻካራው፣ ቀጥሎ የለሰለሰ።
በክብ አይታሽም፣ ጠባሳ ይተዋል፤
እንደ ገበሬ ትልም ሄዶ ይመለሷል።
ሮዝ ወተት መስሎ በክርኔ ወረደ
የስንት በጋ ፀሐይ፤ ታጥቦ በቦዩ ሄደ።
በመጨረሻ የጥርስ ሳሙና፣ የጥጥ ጨርቅ፣ የክንድ ወዝ።
ሐሙስ ዙሪያዋ ቀላ። ዓርብ ይበልጥ።
የክቧ ጠርዝ ሳሳ፣ ውኃ እንደ ገባ ጨው፤
ማታ በአምፖል ባያት፣ የትኛው የትኛው ነው?

ቅዳሜ ማለዳ ከቡሬ ጎረምሳ ይዞ መጣ፣ ገዢ።
ልጁ ጎማ ሲረግጥ፣ ፍሬን ሲይዝ፣ ሲለቅ፣
መምህሩ ጎንበስ ብሎ ከመብራቷ በታች በጣቱ ፈለገ።
«የት አለች?» አለኝ።
«አልጠፋችም» አልኩት፣ «ሌላው ነው የደረሰባት።»
እንደ ተማሪ መልስ አየው፤
ትክክል ልስጠው ወይስ ልሰርዘው እንደሚል ሰው።
ከዚያ ቁልፉን ሰጠ። ልጁ ብር ቆጠረ።
«ጥላ ሥር አቁማት» አልኩት፤ አልሰማኝም፣ ሞተሩ ተነሥቶ ነበረ።

ወረቀቷን ግን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልሰጠሁት፤
ልስጠው ወይ እያልኩ ስንት ማታ አመሸሁት።
እዚሁ ናት፣ ከስድቧ አጠገብ፣ ከመፍቻዎቹ ጎን ተለጥፋ አለች፤
ሁለት ጠብታዋን እየጠበቀች።