የቁልቁለቱ ዳይስ

ደጀን ከከተማው ጫፍ፣ መንገዱ ከሚሰበርበት፣
ከጎሚስታ ቤቴ ደጃፍ፣ መኪና ከሚደረደርበት፣
አንድ ካርቶን አለ፣ የሞተር ዘይት የመጣበት፣
ዘርግቼ፣ በከሰል፣ የዓባይን በረሃ የሣልሁበት።

ከዚህ እስከ ድልድዩ ቁልቁለት ነው፣ ኩርባ በኩርባ፤
ከድልድዩ ማዶ ዳገት፣ ራዲያተር የሚያስነባ።
አርባ ሦስት ቤት ቆጠርሁ፤ ለአንዳንዱም ስም አወጣሁ፤
ዝንጀሮ የሚለምንበትን «ኬላ» ብዬ ጠራሁ።
ቆርኪ ነው መኪናው፤ የቢራው ሲኖትራክ፣ የለስላሳው አይሱዙ፤
ጎማ እስክለጥፍ ድረስ ሾፌሮቹ እዚህ ይጓዙ።

ችግሩ ዳይሱ ነበር።
ከሉዶ የተበደርነው፣ ነጩ፣ ከገበያ የመጣው፣
ኩርባው አፍ ላይ ስድስት፣ ሜዳው ላይ አንድ የሚያወጣው።
ሲሚንቶ የጫነ ቆርኪ ዳገቱን እንደ ፌንጣ ሲዘል
ሽባባው ሳቀብኝ፣ «ለመሆኑ ይህን ዳገት ወጥተኸዋል?» ሲል።
ሃያ ሁለት ዓመት የነዳ ሰው ሲጠይቅህ ምን ትላለህ?
ዝም ብለህ ቢላህን ትስላለህ።

መጀመሪያ የቀረጽሁት ከአሮጌ ጎማ ነበር፤
ወረወርነው፤ ነጠረ፤ አስፋልት ተሻግሮ ሲበር
በተሳቢው ሥር ፈለግነው፣ በእጅ ባትሪ፣ እስከ ሌሊት፤
ምን እንደወጣ ሳናየው ውርርዱ ቀረ በሙግት።

ቀጥሎ ወይራ፣ ከአናጢው ደጅ የወደቀ ቁራጭ።
ወይራ መጋዝ ይፈጃል፤ እንደ ክፉ ባለዕዳ ነው፣ ድርቅ፤
በአሸዋ ወረቀት አሸሁት ጥግ ጥጉ እስኪያብረቀርቅ፤
ምስማር በእሳት አግዬ ነጥብ ነጥቡን ተኮስሁ፤
ስንቱን አበላሽቼ ሦስት ዳይስ ጨረስሁ።

የሜዳው ለጋስ ነው፤ ከሦስት በታች አያውቅም።
የዳገቱ ቋጣሪ፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ... ከሁለት አያልፍም።
ባዶውን የሚሄድ ሁለቴ እንዲወረውር ፈቀድሁ፤
የጫነማ ይቻለው፤ ሲሚንቶውን እኔ አልጫንሁ።

የቁልቁለቱ ግን፣ እሱ ነው ያነቃኝ ከመኝታ።
ለዳገት አንድ ቅጣት ነው፤ ለቁልቁለት አንድ ስጦታ።
ከድልድዩ በላይ፣ ከኩርባው አፍ፣ ስድስት የወጣለት ሰው
ይደሰት ወይስ ይጩኽ? ደንቡን ማን ይጻፈው?
የአንድ ጀርባ ስድስት ነው፤ የዳይስ ነገር፣ ልማዱ፤
አንዱ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ስድስቱ ከሥሩ ነው፣ ጉድጓዱ።
እንግዲያው ብዬ ጻፍሁ፦ ስድስት ያወጣ ገደል ገባ፣ በቃ!
ሰው ወደደው፤ ተንጫጫ፤ ሰፈሩ በሳቅ ነቃ።

አንድ ማታ እንዳላማው፣ የነቀምቱ፣ ጎማውን ሊያስነፋ ቆሞ
ተጫወተ። ስድስት።
አዲስ ቆርኪ ሰጠነው፤ ወረወረ፤ ስድስት ደግሞ።
ሳቅን። እሱ ቆርኪውን አነሣ፣ በመዳፉ ጠቅልሎ፤
ሒሳቡን ከፈለና ሄደ፣ ደህና እደሩም ሳይል፣ ቶሎ።
ረዳቱን አላየሁትም ያን ዕለት፤ የት ቀረ አላልሁም።
ጠዋት ካርቶኑን ስዘረጋ የቁልቁለቱ ዳይስ የለም።

አሥራ አንድ ቀን ያለ እሱ ተጫወትን፤ ዓባይን ሜዳ አደረግነው፤
ጨዋታውም ሜዳ ሆነ፤ ማንም ማንንም አልቀደመው።

በአሥራ ሁለተኛው መጣ። ከኪሱ አውጥቶ ካርቶኑ ላይ አኖረው።
ስድስቱን ፍቆታል።
በቢላ ይሁን በጠርሙስ ስባሪ እንጃ፤ ጎኑ ነጭ ነው፣ ነጥብ የለው።
«የኋላ ግራዋን ንፋልኝ» አለ። ነፋሁ፤ መቶ ሞላሁ።
ሌላ አልተነጋገርንም። ዳይሱንም አልተካሁ።

ሽባባው «ሚዛኑ ተዛባ» ይለኛል፤ ቆጥሮ ደርሶበታል፤
የተፋቀ ጎን ይቀላል፤ ስለዚህ ደጋግሞ ይወጣል።
ወይራው አለ፣ ምስማሩም አለ፤ እጄ ነው ያልታዘዘኝ።

እና ያ ባዶ ጎን ሲወጣ
ማንም ደንቡን አይጠይቅ፤ ማንም አይስቅ፣ አይቆጣ።
ቀጣዩ እጁን እስኪዘረጋ ከበረሃው አፍ የሞተር ድምፅ ይመጣል፤
አንዱ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል።