የፊት ወንበር

መጋዘኗ ጠባብ ናት፣ ሁለት ትይዛለች፤
ሦስተኛዋ ካያክ ደጅ ዝናብ ትጠጣለች።

አጭሯ ለሶቻ ወንዝ፣ ቋጥኝ ለሚነክሰው፣
አረፋ ተፍቶ መልሶ ለሚልሰው፤
እንደ እንዝርት ትሾራለች በዳሌ ሲነኳት፣
ሐይቅ ላይ ግን ቀጥ ብሎ መሄድ ነው የጨነቃት።

ረጅሟ ለባሕሩ፣ ከፒራን ወደብ ወዲያ፣
ነፋስና ማዕበል ለቆሙበት ገበያ፤
ቀስት ናት፤ ዙሪ ሲሏት ግን ታኮርፋለች።

«ሁለቱ ለሁሉም ውኃ ይበቁሻል፤
ያቺን ሽጫት» አላት ቦሽትያን፣ ልጇ።
ዝደንካ ዝም፤ እጇ
የባለ ሁለት ወንበሯን ሽንቁር በሙጫ ይደፍናል።

እሑድ፣ ቦሂን ሐይቅ፣ ጭጋጉ ሳይነሣ፣
ከኋላ ተቀመጠች፤ ከፊት፣ በሎይዜ ወንበር፣
አንድ ጆንያ ድንች፣ ሚዛኑ እንዲሰምር።
ድንቹ ግን «ወደ ግራ!» ብሎ አይከራከርም።
ይኸው ነው ጉድለቱ፤ አለዚያስ አይከፋም።