ባሕር ዓይን

ኤጀንሲው ቢሮ ውስጥ ወረቀት ስፈርም፣
የአገሩ ስም ከቶ አላስቸገረኝም፤
ለሁለት ከፍዬ በገዛ ቋንቋዬ
"ባሕር" አልኩ፣ አነበብኩ፤ "ዓይን" አልኩ ቀጥዬ።
የባሕር ዓይን አለ? ያያል ወይ ውሃ?
ስል ነው በአየር ያለፍኩት ያን ሁሉ በረሃ።

ሙሐረቅ ነው ቤቱ። የኤሲው ጠብታ
ግንቡን ይልጠዋል ከጠዋት እስከ ማታ።
ሥራዬ ሽማግሌ ነው፤ ሐጂ ዑበይድ ይባላል፣
ጨው ዓይኑን በልቶታል፤ ሰው በድምፅ ይለያል።
ድሮ ጠላቂ ነበር፤ እግሩ ላይ ድንጋይ አስሮ
ሉል ሲለቅም ኖሯል፣ ትንፋሹን ቆጥሮ።
("ሉሉ" ይሉታል እነሱ፤ እኛ ሉል እንላለን፤
ቃሉ ሳይዋኝ አልቀረም ባሕረ ኤርትራን።)

የቀትር ሾርባውን እፍ እያልኩ ሳበርድለት
"ባሕር ዓይን" አልኩት፤ "ለምን እንዲህ አሉት?"
ሳቀ፤ ጥርስ የለውም፣ ድዱ ነው የሳቀ፤
"ዓይን ከጉሮሮ ነው፤ ያንቺ ምላስሽ ላይ አለቀ።
በይ፣ ዐ!"
አልኩ፣ አ።
"አይደለም፤ ዝቅ በይ፣
ግመል ስትነጫነጭ ሰምተሽ አታውቂም ወይ?"

ፊደሏ እኛም ዘንድ አለች፤ ዐይኑ ዐ ብለን እንቆጥራታለን፤
ድምፅዋ ግን መንገድ ላይ ወደቀች፤ ማንሣት ረስተን።

"ደግሞም ስሙ ላይ ዓይን የለም። ባሕር ነው፣ ሁለቴ፤
ሁለቱ ባሕሮች ማለት ነው፤ እንዲህ ነው ያለኝ አባቴ።"
ልጁ ስልኩን እየነካካ፦ "አንዱ በምሥራቅ ነው፣
አንዱ በምዕራብ፤ ደሴት ነን፤ ሌላው ተረት ነው።"
ምራቲቱ ከኩሽና፦ "ስም ስም ነው፤ ትርጉም ምን ሊረባ?
ዓሣው ሳያር ነይ ገልብጪ!"
ገለበጥኩ። ተመልሼ ስገባ

ሐጂ ጣቱን ወደ ምንጣፉ ቀስሮ ይጠብቀኛል፤
"ሁለተኛው" አለ፣ "ከመጀመሪያው ሥር ይገኛል።
ጨዉን ሰንጥቀሽ ወርደሽ ከወለሉ ስትደርሺ
አሸዋው ሲፈላ ታያለሽ፤ በጣትሽ ስትዳስሺ
ቀዝቃዛ ነው። ጣፋጭ ውሃ፣ ከጨው ሆድ ውስጥ ፈልቆ!
አቁማዳችንን ሞልተን፣ አፉ በእጅ ተጨምቆ
እንወጣ ነበር ይዘን። ባሕር ላይ ሆኖ የጠማው ሰው
ከባሕር ቀድቶ ይጠጣል። አየሽ፣ ስማችን ይኸው ነው።"

"እኛ አገር" አልኩት፣ "ውሃ ከመሬት የሚፈልቅበት
ቀዳዳው ዓይን ይባላል፤ የምንጭ ዓይን ነው የምንለው።
እንግዲያ እኔ ተሳስቼ ያነበብኩትን ስም
እርስዎ ወርደው ጠጥተውታል፤ ስህተት አይባልም።"
ሾርባው በረደ። ዝም አለ። ከንፈሩን እየጠረገ
"እኛም ምንጩን ዓይን እንላለን" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አሁንስ? ዛሬም ይፈልቃል?"
"ደረቀ። ባሕሩን በአፈር
ሞሉት፤ ፎቅ ቆመበት። እኔ የጠለቅኩበት ስፍር
መኪና ማቆሚያ ሆኗል አሉኝ። አንዱ ባሕር ሞተ፤
ስሙ ግን ሁለት ነው ዛሬም፤ ማንም አልቀነሰ፣ ማንም አልከፈተ።"

ከዚያ የእኔን ጠየቀኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀውን።
እዚህ ቤት "ማርያም" ነኝ። ከእኔ በፊት የነበረችውም ማርያም ነበረች፤
ከፍራሹ፣ ከመጥረጊያው፣ ከማይዘጋው መስኮት ጋር
የተረከብኩት ስም ነው።
"ባንቺአየሁ ነኝ" አልኩት። "በአንቺ በኩል አየሁ ማለት ነው።"
"ማን ነው ያየው?"
"እናቴ።"
"ምን አየች?"
ሳልጠይቃት ነው የመጣሁት።

አፉን አሟሸ፣ ሽቅብ ሞከረው፣ እንደ ገመድ ጎተተ፤
"ባንቺ" አለ፤ ቆየ፤ ከደረቱ ሥር አንድ ነገር ተከፈተ፤
"ባንቺ፣ ዐየሁ።"

ስሜ ውስጥ እንዲህ ያለ ዐ የለም።
አላረምኩትም።