ሰባት ቅጠል

ከኩሽናው መስኮት ሥር ሞርና ያቆመችው፣
ሃያ ሁለት ክረምት አቅፋ ያሳደገችው
ቀዩ ጽጌረዳ ባለፈው ኅዳር ሞተ።
ቅርፊቱ ጠቆረ፣ ግንዱ ተከፈተ።
ኢነስ ምንም አላለ። ነቅሎ አቃጠለው።
ጭሱ ወደ ባሕሩ ሲሄድ ቆሞ አየው።
ጉድጓዱ ግን ቀረ፤ ውሃ ቋጠረበት፣
የጎረቤት ድመት ዞራ አለፈችበት።

«አንቺው ምረጪ» አለኝ፣ ከጋዜጣው ሳይወጣ፤
እኔም ካታሎጉን፣ በፖስታ የመጣ፣
ከሻዩ አጠገብ ዘርግቼ ተቀመጥሁ፤
ስንቱን ቀሚስ ገለጥሁ፣ ስንቱን ስም ቆጠርሁ!
አንዱ እንደ ሎሚ ልጣጭ፣ አንዱ እንደ ጉበት፣
አንዱ ነጭ፣ ቢነኩት ጣት የሚታይበት።
«መዓዛው ከርቤ ነው» ይላል የዚህኛው፤
«በሽታ አይደፍረውም» ይላል የወዲያኛው።
ፎቶግራፉ አያውቅም የአርብሮዝን ነፋስ፣
ጨው ይዞ ከባሕር ቅጠል የሚልስ።
በመጨረሻ ግን፣ ከገጹ ግርጌ ላይ፣
ጥግ የያዘችውን፣ ያልበሰለ ኮክ መሳይ፣
«ነፋስ ትችላለች»፤ ይኸው ነው ምስክሯ፤
እሷን መረጥሁ፣ በዚህ በአንድ ነገሯ።

ሽማግሌው ፔትሪ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ፣
ፒፓውን በጥርሱ እንደ ቁልፍ ገጥሞ፣
«እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አይሆንም» አለኝ፣ «ልጄ፤
ስንቱን ቀብሬያለሁ በዚህ በገዛ እጄ።
አሮጌው የለቀቀው አፈር ይታመማል፤
እንግዳ ሲገባ አቀጭጮ ያከስማል።
ወይ ቦታ ፈልጊ፣ ወይ አፈሩን ቀይሪ፤
እስከ ጉልበት ድረስ ጠርገሽ አውጪው፣ አትፍሪ።»

ምንም አልመለስሁም። ጓንቴን አጠለቅሁ።
ስድስት ዓመት በዚህ ቤት ሥር ስፈልግ ኖሬአለሁ፤
በሷ ሰሐን በልቼ፣ በሷ መስቀያ ሰቅዬ፣
ተሳስቶ በስሟ ሲጠራኝ፣ ዝም ብዬ።

ቆፈርሁ።
እስከ ጉልበት ቆፈርሁ፣ እስከ ጭን ደረስሁ።
ሃያ ሦስት ጋሪ አፈር ወደ አጥሩ አፈሰስሁ።
የሷ ሽቦ ወጣ፣ የቆርቆሮ ታርጋ፣
ስሙን ዝገት የበላው፣ በሚስማር የተወጋ።
ወደ ኪሴ ከተትሁት። ለምን? እኔ አላውቅም።
ኪስ ውስጥ ያለ ቆርቆሮ ቀን ሙሉ አይሞቅም።
ከባሕሩ ዳር አረም በጆንያ ጎትቼ፣
ከፈረሶቹ ጋጣ ፍግ በሳንቲም ገዝቼ፣
ከጓሮው ማዶ፣ ድንች ከነበረበት፣
ያልታመመ አፈር ዝቄ ሞላሁበት።

ችግኟ በመጋቢት ደረሰች በካርቶን፣
እርጥብ ወረቀት ለብሳ፣ የሞተ እንጨት መስሎን።
ቅጠል የለ፣ እንቡጥ የለ፤ ሦስት ጣት፣ አንድ ክርን።
«ለዚህ ነው ገንዘቡ?» አለ ኢነስ፣ ሳቀብን።
ሌሊቱን በባልዲ ውሃ ጠጥታ አደረች፤
ጠዋት ሥሯ ለስልሶ እንደ ፀጉር ሆነች።
የተዳቀለችበትን ቋጠሮ ከአፈር በታች ቀበርሁ፤
በእግሬ ጠቅጥቄ፣ አጠጥቼ፣ ተመለስሁ።
ስሟ በካታሎጉ የአንዲት ልዕልት ነበር፤
እኔ ግን «አንቺ» ነው የምላት ስናገር።

በግንቦት ቀይ ጥፍር አወጣች። በሰኔ እንቡጥ።
«ዘንድሮ ሥር ታብጅ፤ ቁረጪው» ፔትሪ አለኝ፤
ሦስቱን ቆረጥሁ። በአራተኛው እጄ እምቢ አለኝ።

ከዚያ በሐምሌ መባቻ፣ አንድ ማለዳ፣
ከእርሷ አንድ ክንድ ርቆ፣ ያልተጠራ እንግዳ፣
ቀጭን ቀንበጥ ሆኖ ከአፈሩ ወጣ፣
ሰባት ሰባት ቅጠል በአንድ ዘንግ ያመጣ።
አትክልተኛ ያውቀዋል፦ የአሮጌው ሥር ነው፣
ከቆፈርሁት ጥልቀት በታች የተረፈው።
«አይቆረጥም» ይላሉ፤ «ከሥሩ ይገነጠላል፤
ከተቆረጠማ እጥፍ ሆኖ ያድጋል።»

ኢነስን ጠራሁት። መጣ፣ እጁን ሳያደርቅ።
ተንበርክኮ አየው፣ ሳይናገር፣ ሳይስቅ።
«እስከ እሁድ ይቆይ» አለ።
ከኪሴ ቆርቆሮውን አውጥቼ ሰጠሁት፤
ከቀንበጡ አጠገብ ሲተክለው አየሁት።

እሁድ መጣ። ሌላም እሁድ።
የተረፈችው እንቡጥ በጨው ነፋስ ፈነዳች፤
እንደ ካታሎጉ አይደለችም፤ ጠርዟ ላይ ተቃጠለች።
መቀሱ ከሚስማሩ እስከ ዛሬ አልወረደም።
እኔም ማጠጫውን ሳዘነብል፣ በአንዷ ላይ አስልቼ፣
ትንሽ ወደዚያ ይፈስሳል።