ስድስተኛው ጋን

ፍራንኮንያ ውስጥ፣ ከአንድ ኮረብታ ሥር፣
አንድ ደወል፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ ጠመቃ ቤት ባላት መንደር፣
ኦትማር ሾይረር አርባ ዓመት ጠመቀ፣
አንድ ቢራ ብቻ፤ ሌላ አላወቀ።
ቀለሙ ገለባ፣ አረፋው ሁለት ጣት፣
ለስላሳ ምሬቱ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ «ደህና ዋል» ብሎት
የሚሄድ፣ የማይጨቀጭቅ፣
እንደ ጥሩ እንግዳ መነሻውን የሚያውቅ።

በመጋቢት የኦትማር ዳሌ ከዳው፤
ሐኪም አጥንቱን በብረት ሊተካው
ሦስት ሳምንት አስተኛው።
ቁልፉን ለልጁ፣ ለጉንዱላ ሰጣት፤
«ምንም አትንኪ» አላት፤
«ጋኖቹን ጠብቂ፣ ሙቀቱን ብቻ እዪ፤
ስድስቱም ይተኙ፤ አንቺ ደግሞ ጸልዪ።»

ጓዳው ጥግ ግን ከባቫርያ ማሳ የመጣ አንድ ጆንያ ጌሾ ነበር።
(ጌሾ እለዋለሁ። የእነሱ ሐረግ ነው፣ የእኛ ቁጥቋጦ ነው፤
መራራ ከመራራ ስም ቢዋዋስ ምን ነውር አለው?)
አዲስ ዝርያ ነው፤ የጆንያው አፍ ሲፈታ
የብርቱካን ልጣጭ፣ የጥድ ሙጫ፣ ዝናብ የመታው የሣር ሽታ።
የገዛው ኦትማር ነው፤ ለምን እንደገዛው ሳይናገር
ጥግ አስቀምጦት፣ ባጠገቡ ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር።

ሕጉ ከበሩ በላይ፣ በእንጨት ላይ ተቀርጿል፤
አምስት መቶ ዓመት አልፎታል፣ ጥቀርሻ ጠጥቷል፦
ውሃ፣ ገብስ፣ ጌሾ። (እርሾን ያን ጊዜ ማን አየው!)
ጉንዱላ ባትሪ ይዛ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ አነበበችው።
«ጌሾ ይላል፤ ስንት እንደሆነ አላለም።
ጌሾ ይላል፤ መቼ እንደሚገባ አላለም።»
ሕግ ዝም ባለበት ሌሊት እጅ ዝም አይልም።

ስድስተኛውን ጋን ከፈተች፤ ቀዝቃዛ ትንፋሹ ወጣ፤
ያ አረንጓዴ ፍሬ፣ ያለ እሳት፣ ያለ ፍላት፣
በተኛው ቢራ ላይ እንደ በረዶ መጣ።
ቋንቋዬ የሚጠምቀውንና የሚያጠምቀውን
ከአንድ ሥር ነው ያወጣ፤
በዚያች ሌሊት አባት የጠመቀውን ልጅ አጠመቀች፤
እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ክዳኑን ገጥማ ወጣች።

ሐሙስ ማታ ቀዳችላቸው፤ ሳትናገር፣ ሳታስጠነቅቅ።
ጡረተኛው አልዊን፣ ለባቡር ባንዲራ ሲያውለበልብ የኖረ፣ የማይስቅ፣
አሸተተ። ብርጭቆውን ወደ መብራት አነሣ።
«ማነው ሽቶ የደፋው?» አለ። ጠጣ። ደግሞ አነሣ።
«አልወደድኩትም» አለ። «እስቲ ድገሚኝ፤
በደንብ ልጥላው፣ ጊዜ ስጪኝ።»
እስከ እኩለ ሌሊት አራት ጊዜ ጠላው፤
ብርጭቆው ከንፈር ላይ የቀረውን አረፋ በጣቱ ላሰው።

የዳቦ ቤቷ ሮስቪታ ሆስፒታል ድረስ ደወለች፦
«ኦትማር፣ ልጅህ ጉድ አፍልታለች!»

በምርኩዝ መጣ። ሰላም አላለም። ምድር ቤቱን በጎኑ ወረደ፤
አሥራ ዘጠኝ ደረጃ፣ አንድ በአንድ፣ ቅዝቃዜውን እየለመደ።
ቀዳ። ጉንዱላ በሩ ላይ ቆማ
የቧንቧውን ጠብታ ትቆጥራለች፣ ትንፋሿን አቁማ።
አሸተተ፤ ጠጣ፤ በአፉ አዙሮ ቆየ፤
ጋኑን አየ እንጂ እሷን አላየ።
«ጌሾው አይደለም» አለ፤ «ጌሾው ምንም አላጠፋ።
ቸኩለሻል። አሥር ቀን ይቀረው ነበር፣
ይህ ዳር ዳር የሚለው የቅቤ ሽታ እስኪጠፋ።
ላገር ማለት ማሳደር ነው፤ አላሳደርሽውም።
ነውሩ እሱ ነው። ሌላውን… ሌላውን አላውቅም።»
ግማሹን ጠጥቶ፣ ግማሹን ጋኑ ጫፍ ላይ ትቶት ወጣ።
ብርጭቆው ባዶ ነበር፣ ጠዋት ጉንዱላ ብትመጣ።

ግንቦት። እሑድ። ከቅዳሴ በፊት
ሽማግሌው ጆንያውን ራሱ ፈታ፣ ማንም ሳያይበት
(አልኩ እንጂ፣ መንደሩ በሙሉ አየው)፤
ፍሬውን በመዳፉ ፈጭቶ፣ እንደ ትምባሆ አፍንጫው ሥር ያዘው።
ሚዛን ላይ ከልጁ የበለጠ ጨመረ።
ከዚያ እጁን ሳይታጠብ ወደ ቤተ ክርስቲያን በረረ፣
ምርኩዝ ያለው ሰው የሚበርረውን ያህል።

ካህኑ «ሰላም ተሰጣጡ» ሲሉ
ለአልዊን እጁን ዘረጋ፤ ተጨባበጡ፣ እንደ ሁሉ።
አልዊን ተቀመጠ።
ከዚያ እስከ ቡራኬው፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
መዳፉን አፍንጫው ላይ አዋለ፤
ከኋላ ላየው ሰው
አጥብቆ የሚጸልይ መሰለ።