ስም ያወጣንላቸው

በጅቡቲ መንገድ ዳር፣ ከማደያው አለፍ ብሎ፣
በጎሚስታው ቋሚ ግንድ ላይ፣ በሚስማር ተንጠልጥሎ፣
አንድ ሬዲዮ ነበር፣ ወገቡ በከመነዳሪ የታሰረ፣
ቀን የበርበሬ ዋጋ የሚያወራ፣ ማታ ግን ሌላ አገር የነበረ።

ጋሽ ሁንዴሳ ጎሚስታው፣ እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ፣
ሦስት ሰዓት ሲል ኮምፕረሰሩን ያጠፋል፤ ጸጥታው እስኪደርስ
ይጠብቃል። ከዚያ መርፌዋን በአውራ ጣቱ፣ ፀጉር በምታህል፣
ከአረብኛው አለፍ፣ ከስዋሂሊው መለስ፣ ከፉጨቱ መሀል።
«ዝም በል አንተ ልጅ። መጡ።»

መጀመሪያ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ እንደ ነዳጅ ቦቴ ቀስ ብሎ የሚታጠፍ፣
የማናውቀውን ቋንቋ ቃል በቃል የሚያሳርፍ።
ከዚያ እነሱ። ስማቸው ሲጠራ ሁሌ ንፋስ ይወስደዋል፤
ጋሽ ሁንዴሳ ግን ሰው ያለ ስም አያድርም ብሎ ስም ያወጣላቸዋል።

መለከት ነፊውን፣ ሲዘፍን ጉሮሮው ጠጠር የሚያመላልሰውን፣
«ገልባጭ» አለው፤ እየሳቀ ድንጋይ የሚያራግፈውን።
ፒያኖ የሚነካው፣ ሁለቱን መትቶ ሦስተኛውን የሚተወው፣
«ቆጣቢ» ነው። «ስማ፣ የተወው ይበልጣል ከመታው።»
ባለ ሳክስፎኑ ዳገት ሲወጣ ማርሽ አይቀይርም፤
ትንፋሹ ካለቀ በኋላ የሚነፋውን ከየት እንዳመጣ አይናገርም፤
«ይሄ ባለ ተሳቢ ነው» ይላል፣ «የጫነው ግን ጸሎት ነው፣
ቀስ ብሎ ይለፍ፣ መንገድ ልቀቁለት ነው።»

አንድ ሌሊት ከወደብ የመጣ ሾፌር፣ ጎማው ፈንድቶ፣
«ይሄ ምን ጩኸት ነው?» አለ፣ ከጋቢናው በቁጣ ወጥቶ።
ጎማው ታሰረ። ሂሳቡን ከፈለ። ሞተሩን ግን አላስነሳም፤
አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ እንዳደረገ ቀረ፣ አልተነሳም፣ አልተቀመጠም።
«ሰው በቆርቆሮ እንዲህ ያለቅሳል?» አለ በመጨረሻ፣
ለእኔም አይደል፣ ለጋሽ ሁንዴሳም አይደል።

ሴትዮዋ ስትመጣ ግን ስም አላወጣላትም።
ቃሉ ሲያልቅባት በፊደል ፍርፋሪ ትሄዳለች እንጂ አትቆምም።
እሱ ብሎኑን ግማሽ ላይ ትቶ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣
ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር፣ እንግዳ እንደሚቀበል።
«ለምን ለእሷ ስም የለም?» አልኩት አንድ ቀን።
«አላት» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።
ባቡር ጣቢያው በር ላይ ድንች የምትሸጠዋን ዲንሴን
ሲያልፍ፣ ኮፍያውን ዝቅ ሲያደርግ አይቻለሁ እኔም።

የአዳማ ንፋስ ሲነሳ ጣቢያው ይጠፋል፤
ከበሮው በአቧራ፣ መለከቱ በአቧራ ይሸፈናል።
እኔ አንቴናውን ላዞር ስሮጥ፣ «ተዋቸው» ይለኛል፣
«ባሕር አቋርጠው ነው የሚመጡት፤ ሰው ይደክመዋል።»

ዛሬ ያን ንፋስ ኮረብታው ላይ ነጫጭ ማማዎች ጠምደውታል፣
መብራት ያስፈጩታል።
የጎሚስታው ቦታ ባንክ ሆኗል፤ ፈጣን መንገዱም ከተማዋን በጎን ያልፋታል።
የሁሉንም ስም አሁን አውቃለሁ፤
የተወለዱበትን ከተማ፣ የሞቱበትን ዓመት ከስልኬ አንብቤአለሁ።
ግን ያ መለከት ሲነሳ፣ ገልባጭ እለዋለሁ።
ፒያኖው ሲዘልል፣ ቆጣቢ።

እሷ ስትመጣ ደግሞ መኪናዬን ጥግ አስይዤ፣
ግሪስ ነክቶት የማያውቅ የቢሮ እጄን፣
ጣት በጣት፣
በጨርቅ እጠርጋለሁ።