ነፍሲት

በጥቅምት መጨረሻ፣ ቱንጃ ወንዝ ጭጋግ ሲለብስ፣
መጣች ወይዘሮ ኔዴልያ፣ ጋዱልካ ጠቅልላ በብርድ ልብስ።
እኔ ያኔ ለማጅ ነኝ፤ ሥራዬ መጥረግ፣ ሙጫ ማሞቅ፣
አለቃዬ ጌንቾ ሲቆጣም፣ አንገት ደፍቶ መሳቅ።

እሱ ሴትዮዋን አላያትም። ተቀብሎ ጋዱልካዋን
እንደ ገበያ እንቁላል ጆሮው ሥር ነቅንቆ ሰማ ውስጧን።
ኳ... ኳ... አለ፣ የደረቀ ለውዝ በቅርፊቱ።
«ወድቃለች» አለ፣ «ነፍሲቱ።»

በነሱ ቋንቋ ያቺን ጣት የምታህል እንጨት፣
ከብርኩማው ሥር፣ በጨለማው ቤት
ሆድና ጀርባን ደግፋ የምትቆመዋን፣ ነፍሲት ነው የሚሏት።
ሙጫ የላት፣ ምስማር የላት፤
የአውታሮቹ ጭነት ብቻ ነው የሚያቆማት።
እነሱ ሲላሉ
ትወድቃለች።

ከዚያ ቁጣው መጣ፦
«ከምድጃ በላይ ሰቅለሻት፣ ይኸው ሆዷ ተሰነጠቀ፤
ደጋኑን ማን ነው ሳያላላ የተወው? ተለምጦ ደረቀ፤
ጭራውን ብል ጨርሶታል፣ አሥራ ሦስት ጸጉር ቀርቷል፤
የሙጫው ዱቄት ሳይጠረግ እንደ እከክ ተጋግሯል።
ጨርቅ ጠፋ እንዴ ከቤት? የቫልኮ አሮጌ ሸሚዝ የለም?»
«አለ» አለች ኔዴልያ፣ «ግን አላጠብሁትም።»

አለቃዬ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ንጹሕ ነበር።
ከዚያ ወዲያ ድምፁ ሞረድ መሆኑ ቀርቶ
የብርጭቆ ወረቀት ነበር።

ዘጠኝ ቀን ሠራን። ስንጥቋን ትኩስ ሙጫ አጠጣን፣
በገመድ ጠፍረን አሳደርን፣ ከወንዝ ማዶ ጭራ ገዛን።
አሥሩን የታች አውታሮች፣ ማንም የማይነካቸውን፣
ሌላው ሲያለቅስ ግን እንደ ጎረቤት አብረው የሚያለቅሱትን፣
አንድ ባንድ ለወጥን።
አሮጌዋ ነፍሲት አጥራ ነበር፤ ከጥድ ሌላ ጠረብን።
አንገቷ ላይ ጥፍር የፋቀውን ልልግ ስል፣ ጌንቾ እጄን መታ፦
«ቆሻሻ አይደለም፤ ሰውዬው ነው። ተወው በቦታ።»

ልትወስድ ስትመጣ፣ አሮጌዋን በክብሪት ቀፎ ሰጣት።
«ከእሳት አርቂያት። ቅዳሜ ቅዳሜ አውርደሽ ገዝግዣት።»
«እኔ መች እችልና?»
«ቻይ አላልሁሽም። እንጨት ዝም ካሉት ይረሳል፤
በክፉ ድምፅም ቢሆን ያነጋገሩት ይሻለዋል።»

እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ መሐል አቆመቻት፤
ደጋኑን እንደ መጥረጊያ ጨብጣ ሳበችባት።
እግዚኦ!
የጌንቾ ውሻ ብድግ ብሎ ወጣ።
እኔም ሳቄን ልደብቅ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤
እዚያ ሆኜ ነው የሰማሁት፣ ከታች አሥሩ ሲያንሾካሽኩ፤
ባለሙያና ጀማሪ የማይለዩ፣
የነካቸውን ሁሉ የሚያባብሉ።

በዓመቱ ሙጫ ልትገዛ መጣች፤ ያኛው አልቆባት።
ጋዱልካዋ ጠርታለች፣ ዱቄት የለባት።
አንገቷ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው እጅጌ ታስሯል፣ ከትከሻው የተቆረጠ።
መታጠቡን
ማንም አልጠየቀ።